ቀይ መሰላል፣ ሰማያዊ መጋዝ

ጋሪው የመጨረሻውን ዳገት ሲያያዘው እትዬ ነገ ሸሚዙን ለአምስተኛ ጊዜ ከጥቅሉ አወጣችው። ዘረጋችው፣ አንገትጌውን ዳበሰችው፣ ያልነበረበትን አቧራ አራገፈችለት፣ መልሳ አጠፈችው። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ እቆጥር ነበር።

«ይጨማደዳል እኮ» አልኳት።

«አይጨማደድም። በደንብ ነው የተኮስኩት።»

«እስክንደርስ በእጅሽ ትጨርሽዋለሽ።»

ሳቀች። እሷ ምን ቸገራት! ሰው ሲነካት መሳቅ አመሏ ነው፤ የኔ ደግሞ አመሌ፣ ስትስቅ ደሜ መፍላት።

እውነተኛ ስሟን ሰፈሩ ሁሉ ረስቶታል። አምስት ዓመት ሙሉ «ባልሽ መቼ ነው የሚመጣው?» ያላት ሁሉ «ነገ» የሚል መልስ ሲያገኝ ኖረና፣ ነገ ተብላ ቀረች። መጀመሪያ ለፌዝ ነበር፤ ኋላ «እትዬ» ተጨመረበትና እንደ ክርስትና ስም ተለመደ። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ለመልካም ብዬ እንዳልነበር ከአሁኑ ልናገር።

እትዬ ነገ የባሌ ታላቅ ወንድም ሚስት ናት። ሁለት ወንድማማቾች ሁለታችንን አግብተው እናታቸው ቤት አስገቡን፤ ከዚያ ጦርነቱ መጣና በአንድ ቀን፣ በአንድ ከበሮ ሁለቱን ወሰደብን። ቤት የቀረነው ሦስት ሴቶች ነን፤ እኛ ሁለታችንና አማታችን። ሰፊው የሽመና ዕቃም ቀረን። ለሠራዊቱ ብርድ ልብስ የሚሠራው በሱ ነው። ወርዱ ለአንድ ሰው ክንድ ስለማይሆን ሁለት ሸማኔ ባንድ አግዳሚ ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ አንዷ ከግራ መወርወሪያውን ትሰዳለች፣ ሌላዋ ከቀኝ ተቀብላ ትመልሳለች። ብትኳረፉም መቀበል ግድ ነው። ብትቀኑም እንደዚያው። አምስት ዓመት የዚያችን ሴት መወርወሪያ ስቀበልና ስመልስ አንድም ቀን አልወደቀብኝም። ጎረቤት መስኮት ላይ ቆሞ አይቶን «እንዴት ያለ ፍቅር ነው!» ይላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ከተማችን የሸማኔ ከተማ ስለሆነች አንድ ልማድ አለን። ወታደር ሲዘምት ሚስቱ በብርድ ልብሱ ማዕዘን ላይ የራሷን ምልክት ትሠራለታለች። የኔ ምልክት ቀይ መሰላል ነው፤ የእትዬ ነገ ሰማያዊ የመጋዝ ጥርስ። ለጌጥ አይደለም። ሰውየው ከሞተ በብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ ይቀበርና ማዕዘኑ ተቆርጦ ወደ ቤቱ ይላካል። ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ ያንን ያነባል።

በሁለተኛው ዓመት ማለቂያ ላይ ቀይ መሰላል መጣ። መልእክተኛው ከፈረሱ እንኳ አልወረደም። በሰም ከታሸገ ቦርሳ ውስጥ መዳፍ የምታክል ጨርቅ አውጥቶ «የማን ነው?» አለ። እኔም «የኔ» አልኩት። በቃ፣ ይኸው ነው። ያን ዕለት ጥቁር ለበስኩ፣ ጨርቋን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባት፣ ለቅሶዬንም አለቀስኩ። እኔ ነገር ማንዛዛት አልወድም።

ለእሷ ምንም አልመጣም። ጨርቅም፣ ወሬም አልመጣላትም። ቅናቴ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ በሷ ባዶ እጅ። ሰው በሌላው ወርቅ ይቀናል፣ በሌላው ልጅ ይቀናል፤ እኔ ግን ምንም ባልመጣለት ሰው ቀናሁ። እሷ ባላወቀችው ነገር ውስጥ እንደ ቤት ስትኖርበት፣ ስትጠርገው፣ ስትተኛበት አየኋት። እኔ ግን ያወቅኩት ነገር ከቤት አስወጥቶ ሜዳ ላይ ጣለኝ።

አማታችን ደግሞ ነገሩን አባባሱት። የኔን ባል ሲያነሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዓይናቸውን ወደ መሬት ሰብረው ነው። የሷን ባል ሲያነሱ ግን ገበያ እንደሄደ ሰው ነው የሚያወሩለት። «እሱ ጣሪያውን ሲመጣ ያበጅልናል።» «እሱ ሰፋ ያለ ጫማ ነው የሚመቸው።» ሁለቱም ከአንድ ማህፀን ነው የወጡት! ሆኖም በሕይወት ያለ ልጃቸው በእሷ አፍ ውስጥ ስለሚኖር፣ ወንበራቸውን ወደሷ እያስጠጉ ተቀመጡ። እኔ ስገባ ወሬ ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን «አንቺ ከአፈሩ ቀድመሽ ነው የቀበርሽው» አሉኝ፤ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

እትዬ ነገ በየዓመቱ አንድ ሸሚዝ ትሰፋለች። ዓመቱ ሲዞር ያልተለበሰውን ለበረደው ሰው ሰጥታ ሌላ ትጀምራለች። የከተማው በር ላይ የሚለምነው አንካሳ ሁለቱን ደርቦ ለብሶ ሳየው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብዬ ተረትኩባት። ሰማችኝ። አሁንም ሳቀች። ጋሪው ላይ ይዛው የተሳፈረችው አምስተኛው ሸሚዝ ነው።

ከስምንት ቀን በፊት ነበር አዋጅ ነጋሪው አደባባይ ላይ መለከት ያስነፋው። ዕርቅ ወርዷል፤ ምርኮኞች በድንጋዩ ድልድይ ላይ ይለዋወጣሉ። ድልድዩ ከከተማችን የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ቤተሰብ ያለው ምልክቱን በድልድዩ ገመድ ላይ ይስቀል። ምልክቱን ያየ ምርኮኛ ወደ ቤተሰቡ ይሂድ። ምልክቱን ያጣ በግራ በኩል ወደ ቆሙት ሠረገሎች ይለፍ፤ በረሃው ዳር ባለው አዲስ መሬት ላይ ይሰፍራል።

ጭካኔ እንዳይመስላችሁ። አምስት ዓመት ረጅም ነው። ያገባች አለች፣ የሞተች አለች፣ ቤቷን ዘግታ የሄደች አለች። ሰው ፊት ቆሞ «ሌላ አግብቻለሁ» ከማለትም፣ ከመስማትም፣ ባዶ ገመድ ማየት ይሻላል ብለው የድሮ ሰዎች ያመጡት ዘዴ ነው። ምልክቱን ያጣ ሰው አይጠይቅም፣ አይከስም፣ ቤቱንም ተመልሶ አያንኳኳም። ቤቱ እንደተዘጋ ይገባዋል።

«አብረሻት ሂጂ» አሉኝ አማቴ።

«እኔ ማንን ልቀበል ነው እማማ?»

«ማንንም አትቀበዪ። እሷን ደግፊያት። ምናልባት ባይመጣ ብቻዋን እንዳትመለስ።»

ባይመጣ። ይህቺን ቃል ሲሉ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ደስ አለው። ይቅር ይበለኝ፤ ደስ አለው። ሄጄ ጫማዬን አጠለቅኩ።

ዳገቱ ላይ ጋሪ ነጂው አለንጋውን በብብቱ ሸጉጦ ዞር አለና እትዬ ነገን አያት። «የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል ይባላል፤ እንግዲህ የቆየችም ከባሏ ትወልዳለች!» አላት።

«አሜን! ከአፍህ ይውጣ» አለችው።

«አንቺስ እህቴ? ማንን ነው የምትቀበዪው?»

«አንተ በቅሎህን ንዳ» አልኩት።

በቅሎውን ነዳ። ዳገቱን ጨርሰን ወንዙ ከታች ብልጭ ሲል እኔ መቻል አቃተኝ። አምስት ዓመት በጉሮሮዬ የኖረውን ጥያቄ አወጣሁት።

«እስኪ እውነቱን ንገሪኝ። ይመጣል ብለሽ ታምኛለሽ?»

ሸሚዙን ጭኗ ላይ አስተካከለችና «አላውቅም» አለች።

«አላውቅም? አምስት ዓመት ነገ፣ ነገ ስትዪን ኖረሽ?»

«ነገ ነው ያልኩት፤ አውቃለሁ መቼ አልኩ? እኔና ፈጣሪ ሥራ ተከፋፍለናል። ማምጣቱ የሱ ነው፤ በሩን ከፍቶ መጠበቁ የኔ። በሱ ሥራ ብገባ አብዳለሁ። የኔን ትቼ ብተኛ ደግሞ፣ ድንገት ቢመጣስ? ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ተዘግቶ ቢያገኘውስ? እሱን ነው የምፈራው እንጂ እኔማ ብዙ ሌሊት ተስፋ ቆርጬ አድራለሁ። ሲነጋ እንደገና እከፍተዋለሁ።»

ይህን ባልነገረችኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ እኮ ሞኝ ትመስለኝ ነበር። የሞኝን ተስፋ ንቀሽ ታልፊዋለሽ፤ እንዲያውም ታዝኚለታለሽ። ይቺ ግን እኔ የማውቀውን ሁሉ የምታውቅ፣ የፈራሁትን ሁሉ የምትፈራ ሴት ነች፤ እንዲያም ሆኖ በየጠዋቱ ተነስታ ሸሚዝ ትሰፋለች። ያኔ ቅናቴ ማቃጠሉን ተወና ማሳከክ ጀመረኝ። እኔ ለምን አልቻልኩም? እኔ ምን አንሶኝ ነው?

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ እንኳ የለም። በድልድዩ ጠርዝ ግንብ ላይ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም ገመድ ተወጥሯል። ሴቶቹ ምልክታቸውን ሰቅለውበታል፤ ቢጫ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ ክብ አለ፣ ቀንድ የሚመስል አለ። ከመቶ በላይ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በወዲያኛው በኩል አንድ አምሳ አለቃ በሠራዊቱ ቀይ መታጠቂያ ታጥቆ፣ ከበሮ መቺውን ከጎኑ አቁሞ ሰዓት ይጠብቃል። በግራ በኩል ሠረገሎቹ ቆመዋል። ሸራ የለበሱ ስድስት ሠረገሎች ናቸው፤ በረሃ የሚሄዱት። እነሱን ላለማየት ሁሉም ሴት ፊቷን ወደ ቀኝ አዙራለች።

እትዬ ነገ ክፍት ቦታ ፈልጋ ከጥቅሏ ሰማያዊውን መጋዝ አወጣች። በድርብ ቋጠሮ አሰረችው፤ ጎትታ ሞከረችው፤ አልላላም። ከዚያ እጇን እንደገና ወደ ጥቅሉ ሰደደች። ይህን ጊዜ በጇ ላይ የተዘረጋው ቀይ መሰላል ነበር።

ለአፍታ የማየውን አላመንኩም። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ያንቺ።»

«የኔማ ሳጥኔ ውስጥ ነው ያለው።»

«እሱ የመጣልሽ ነው። ይሄ የምትሰቅዪው ነው።» በነጠላ ቋጠሮ ከሷ ጎን አሰረችው። «ጨርቅ እኮ ነው የመጣልሽ እህቴ፤ ሰው አይተሽ አልቀበርሽ። የቀበረውንም ሰው አላነጋገርንም። አንድ ጨርቅ ብሰቅል ምን ይጎዳል ብዬ ነው።»

ከጎናችን የቆመች ሻማ ሠሪ ጎረቤታችን ሰማችን። «ውይ! አንቺም አለሽ እንዴ?» አለች እጇን አፏ ላይ አድርጋ። «እኛ ታዲያ ለማን ነው ለቅሶ የደረስነው?»

ሁለት ሦስት ሴቶች ዞሩ። አንዷ ጥቁር ልብሴን ከላይ እስከ ታች አየችና ወደ ቀዩ ጨርቅ አየች። ፊቴ ፍም መሰለ። ይሄ ደግ ሥራ ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፤ እኔ ግን ያን ሰዓት ያየሁት ምጽዋት ነው። ተስፋዋ ሞልቶ ስለተረፋት ለኔም ቀንሳ ሰጠችኝ፣ እንደ አንካሳው ለማኝ፣ ሰው ፊት። የኔን ሐዘን እንኳ የራሴ አድርጋ አልተወችልኝም።

ከበሮው ተመታ። ሴቱ ሁሉ ወደ ፊት ተጋፋ፤ እትዬ ነገም ሸሚዙን ደረቷ ላይ አቅፋ ሄደች። እኔ ገመዱ ጋ ብቻዬን ቀረሁ።

ቀዩን መነጨቅኩት። አንዴ ስመነጭቀው ተፈታ። እዚህ ላይ ላቆም እችል ነበር፤ ማንም አላየኝምና ተረቱ እዚህ ያልቃል። ግን ሁሉን ልናገር ብዬ ጀምሬያለሁ። እጄ ወደ ሰማያዊውም ሄደ። በጥፍሬ ቋጠሮውን ቧጠጥኩ። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ አብረን ባዶ እጃችንን እንድንመለስ ነው። ጋሪው ላይ እሷም እንደኔ እንድትሆን፣ አግዳሚው ላይ እንደኔ ሆና እንድትቀመጥ ነው። ቧጠጥኩ፣ ክሩ ተመዘዘ፣ ቋጠሮው ግን ድርብ ነበርና እምቢ አለኝ። ሁለተኛው ከበሮ ሲመታ ደንግጬ ለቀቅኩት። ቀዩን ጨርቅ በጡጫዬ ጨምቄ በድንጋዩ ደረጃ ከድልድዩ እግር ሥር ወዳለው የከብት ማጠጫ ገንዳ ወረድኩ።

ከዚያ ሆኜ ሁሉም ይታየኛል። ምርኮኞቹ አንድ በአንድ ይሻገራሉ። ጺማቸው ደረታቸው ላይ ነው፤ ጫማቸው ገመድና ቅርፊት። እያንዳንዱ ገመዱን እየተከተለ ይሄዳል፤ ዓይኑ ከጨርቅ ወደ ጨርቅ ይዘላል። ያገኘ ሰው ይጮሃል ወይም ቁጭ ይላል። ያላገኘ ገመዱ ጫፍ ላይ ይደርስና፣ ምናልባት አልፌው ይሆናል ብሎ እንደገና ይጀምራል። አምሳ አለቃው ሁለት ጊዜ ይፈቅድላቸዋል። ከሁለተኛው በኋላ ምንም ሳይናገር በእጁ ወደ ግራ ያሳያቸዋል።

ሃያ ሰው ያህል ካለፈ በኋላ ሰማያዊው መጋዝ መጣ። ጨርቁ አይደለም፣ ብርድ ልብሱ ራሱ፤ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ተጣጥፎ፣ ማዕዘኑ ወደ ውጭ ሆኖ። የዚያን ልብስ ግማሽ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ከየትም ርቀት አውቀዋለሁ። ከላይ የእትዬ ነገን ድምፅ ሰማሁ። ቃል አልነበረውም።

መጣላት። መጣላት! ነገ፣ ነገ ስትል ዛሬ ሆነላት። ያን ጊዜ የተሰማኝን ቢገርፉኝም አልደብቅም። የገንዳውን ጠርዝ ይዤ፣ ፈጣሪን ተቀየምኩ። ለሷ ሰጥተህ ለኔ የነሳኸኝ በየትኛው ሚዛን ነው አልኩት። እሷ ዛሬ ማታ ጣሪያ ከሚያበጅላት ሰው ጎን ትተኛለች፣ አማቴ ወንበራቸውን ወደነሱ ያስጠጋሉ፣ እኔ መወርወሪያ እቀበላለሁ።

ሰውየው ግን ሰማያዊው ምልክት ጋ አልቆመም። አየው፤ እጁን ዘርግቶ በጣቱ ነካውና አልፎት ሄደ። ቀኝ ትከሻውን አስቀድሞ ነው የሚራመደው። የሽመና ዕቃውን ትልቁን ግንድ በቀኝ ትከሻው ሲሸከም ያደገ ሰው እንዲያ ነው የሚራመደው፤ እኛ ቤት ደግሞ ግንዱን የሚሸከመው ታናሽየው ነበር። ወንድማማች ናቸው፣ አካሄዳቸው ይመሳሰላል ብዬ ራሴን ሞገትኩ። ገመዱ ጫፍ ደረሰ። ቆመ። ተመለሰና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ አሁን በዝግታ፣ እያንዳንዱን ጨርቅ በእጁ ገለጥ እያደረገ። የሚፈልገው ከኋላው ተደብቆ እንደሆነ ያያል።

የሚፈልገው በጡጫዬ ውስጥ ነበር።

ጩህ አልኩት አፌን፤ እምቢ አለኝ። ባሌ በሕይወት አለ። ባሌ ከኔ ሃያ እርምጃ ላይ ቆሞ ቤቱ መዘጋቱን እያነበበ ነው። የዘጋሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ከጥቂት ደቂቃ በፊት፣ በዚህ በጄ።

ሁለተኛውን ዙር ሲጨርስ ወደ ሰማያዊው መጋዝ ተመልሶ መጣ። እትዬ ነገ እዚያ ቆማለች። ልትሮጥ ጀምራ መሃል ላይ ነው የቆመችው፤ ፊቱን አይታለች። ብርድ ልብሱን ከትከሻው አወረደ፤ በሁለት እጁ ያዘላት። ደረጃውን በጉልበቴ ነው የወጣሁት ማለት ይቻላል፤ ከግንቡ ምሰሶ ጀርባ ስደርስ ድምፁን ሰማሁት።

«እትዬ» አላት። «በሁለተኛው ክረምት ነው። ትኩሳት ያዘው። የኔ ብርድ ልብስ ገና ስላልሳሳ እሱን አለበስኩትና የሱን እኔ ወሰድኩ። በሦስተኛው ቀን አረፈ። ከዚያ ከበቡን፤ እኔን ወሰዱኝ፣ እሱን የተረፉት ጓዶቻችን በለበሰው በኔው ብርድ ልብስ ነው የቀበሩት። ይሄንን ላደርስልሽ ብዬ ነው ይዤው የኖርኩት።»

እኔ ሳጥን ውስጥ የቆለፍኩበት፣ ሦስት ዓመት ጥቁር የለበስኩለት ጨርቅ የሷ መርዶ ነበር።

እትዬ ነገ ብርድ ልብሱን ተቀበለችው። ማዕዘኑን ፈልጋ አገኘች፤ አውራ ጣቷን በመጋዙ ጥርሶች ላይ አንድ በአንድ አስኬደች።

«በርዶት ነበር?»

«አይ። አልበረደውም። እስከ መጨረሻው ሞቆት ነበር።»

«ጎሽ» አለች። «እግዜር ይስጥህ።»

አልጮኸችም። ሰው እንዲህ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከዚያ እሱ ዓይኑን ወደ ገመዱ መለሰና ጠየቃት።

«የኔን አጣሁት። ሁለት ጊዜ ዞርኩ። አገባች እንዴ?»

«አንተ!» አለ አምሳ አለቃው ከወዲያ። «ምልክትህን አገኘህ ወይስ አላገኘህም?»

እትዬ ነገ ገመዱን አየች። ከመጋዟ ጎን ባዶ ቦታ አለ። ቀዩን በገዛ እጇ ነው የሰቀለችው። አየችው ባዶውን፣ ከዚያ የራሷን ቋጠሮ አየች፤ ዓይኗ እዚያ ላይ ትንሽ ቆየ። ገባት። እኔ ከምሰሶው ጀርባ ሆኜ እንደገባት አየሁ። ባሏን ካጣች አንድ ደቂቃ አልሞላትም። አንድ ቃል ብትናገር ወይም ዝም እንኳ ብትል፣ እሱ ወደ ግራ ይሄድ ነበር፣ እኔም የእጄን አገኝ ነበር። እኔ በሷ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። ይህን ማወቄ እስከ ዛሬ አብሮኝ ይተኛል።

«አግኝቷል ጌታዬ!» ብላ ለአምሳ አለቃው ጮኸችለት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለባሌ ነገረችው። «አላገባችም። ተሰቅሎልህ ነበር፤ ነፋሱ ጣለው። ላንሳው ብላ ወርዳ ነው።»

እሱ ገመዱን አየ። ከመቶ በላይ ጨርቅ፣ አንዱም አይነቃነቅም። የሸማኔ ልጅ ነው፤ ነፋስ የነካውን ጨርቅ ካልነካው ይለያል።

«ነፋሱ ነዋ» አለ ቀስ ብሎ።

ከምሰሶው ጀርባ ወጣሁ። ስለ መገናኘታችን ብዙ አልልም፤ አንዳንዱ ነገር የራስ ነው። ጡጫዬን በግድ ከፈትኩት። ጨርቁ በላብ ረጥቦ ተጨማዷል። ወስዶ ዘረጋው፣ በጣቱ ዳሰሰው፣ የጠርዙን አሠራር አየ። ሸማኔ አይደል፣ «ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም» አለኝ።

«አይደለም።»

«የማን ነው?»

«የሷ» አልኩት። «የሠራችውም የሰቀለችውም እሷ ነች። እኔ ሞተሃል ብዬ ነበር።»

ነፋሱን ግን አላነሳሁም። አልደፈርኩም። እሱም አልጠየቀኝም።

እትዬ ነገ ከኋላችን መጥታ ሸሚዙን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። «ልበስ። ብርድ ባይኖርም የለበስከው ቡትቶ ቤት አያስገባህም።» ለበሰው። እጅጌው ረዘመበት፤ ታላቅየው ነበር ረጅሙ። ጎንበስ ብላ እጅጌውን ሁለቴ አጠፈችለት፤ ያኔ ብቻ ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እናም ልንገራችሁ፤ ያን ሰዓትም ቀናሁባት። ሁሉን ያጣች ሴት ቆማ የሰው እጅጌ ስታጥፍ፣ እኔ ሁሉን አግኝቼ የምይዘው አጥቼ ቀናሁባት። ያቺ ግን ሌላ ዓይነት ቅናት ነበረች፤ እንደሷ መሆንን የምትመኝ።

«ለእማማ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ። «አንቺ መጀመሪያ እሱን ይዘሽ ግቢ። ደስታው ይቅደም፤ የኔ ትንሽ ቢቆይ ምንም አይል።»

እሱ በቅሎውን ሊያይ ወደ ጋሪ ነጂው ሄደ። እሷ ምልክቷን ልታወርድ ወደ ገመዱ ዞረች። ታገለች፤ ጣቶቿ አልታዘዟትም።

«ነይማ እህቴ፣ አልፈታ አለኝ» አለች።

ተጠጋሁ። ጎን ለጎን ቆምን፣ አግዳሚው ላይ እንደምንቀመጠው፤ እሷ ከግራ፣ እኔ ከቀኝ። አንዱን ጫፍ ሰጠችኝ፣ ተቀበልኩ። ቅድም እምቢ ያለኝ ቋጠሮ አሁን በሁለታችን እጅ ቀስ በቀስ ላላ። ሲፈታ የተመዘዘው ክር ብቅ አለ፤ የጥፍሬ ምልክት፣ አራት ቦታ። እጄን ልሸሽግ ስል ያዘችኝ። ክሩን በጣቷ አለሰለሰችው፣ ጨርቁን አጣጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

«ነፋሱ ይቺንም ነካክቷታል» አለች። ዓይን ዓይኔን አየችኝና «ነይ እንሂድ፤ ነገ ሥራ አለብን» ብላ ቀደመችኝ።